ጎዳና አራት፣ ቁጥር አሥራ ሁለት

ገነነ ኮምፒውተር ሲያበሳጨው አንድ ልማድ አለው። መነጽሩን ያወልቅና በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ መልሶ ያደርጋል፤ ጥፋቱ የመስታወቱ ይመስል። ያን ሰኞ ጠዋት መነጽሩ ሦስት ጊዜ ተወለወለ፤ የታየው ግን ያው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በኢንተርኔት መፈለጊያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንደ ባለርስት ተደላድሎ የኖረው የሐጃ አስሊ የጥርስ ክሊኒክ ዌብሳይት አራተኛው ገጽ ላይ ተወርውሯል። አራተኛ ገጽ ማለት የሰው ዘር የማይደርስበት ምድረ በዳ ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው እስከዚያ የሚያደርሰውን ትዕግሥት ከየት ያመጣል?

ገነነ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሀርጌሳ የመጣው ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በአዳዲስ ሕንጻዎች ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊዘረጋ ነበር። ከመወጣጫ ወድቆ የቀኝ እጁ አንጓ ሲሰበር ሦስት ወር ቤት ዋለ፤ በዚያ ሦስት ወር በግራ እጁ እየነካካ ዌብሳይት መሥራት ተማረ። እጁ ሲድን ወደ መወጣጫው አልተመለሰም። ዋሄን ገበያ ውስጥ ለአንድ መጋረጃ ሻጭ፣ ከዚያ ለመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ በመጨረሻም ለሐጃ አስሊ ክሊኒክ ገጽ ሠራ። ሐጃ ሥራውን ወደዱለትና በቋሚነት ቀጠሩት። ሽቦ የሚዘረጋ ሐበሻ በየሕንጻው ሞልቷል፤ «ዌብሳይት የሚሠራው ሐበሻ» ሲባል ግን እሱ ነው የሚታወቀው፤ ይህን ሲሰማ ደረቱ ነፋ ይላል።

አሁን ያ ደረት አደጋ ላይ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ለማሳደስ የአሠሪ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ አሠሪው ደግሞ ሐጃ አስሊ ናቸው። ደብዳቤው ከሌለ ክሊኒኩ ባለበት ሰፈር በኮድቡር የተከራያቸውን ሁለት ክፍሎች ለቅቆ፣ ሚስቱን ሸዋርካብሽንና ሁለተኛ ክፍል የምትማረውን ልጃቸውን ልዕልትን ይዞ በመጣበት መንገድ መመለስ ነው። ልዕልት ኮምቦልቻን የምታውቀው በፎቶ ብቻ ነው።

ሐጃ አስሊ ልጅነታቸውን በስደት ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከብዙ ሐበሻ ይሻላል፤ ሲቆጡ ደግሞ የበለጠ ይጠራል። ያን ሰኞ ስልካቸውን አፍንጫው ሥር አመጡለት።

«እስቲ ፈልገኝ» አሉት። «የት ነኝ እኔ?»

«ሐጃ፣ መፈለጊያው ሰሞኑን አሠራሩን ቀይሮ…»

«የት ነኝ ነው ያልኩህ፤ እሱ ምን አደረገ አላልኩህም። ትናንት የተከፈተው ክሊኒክ አለ፣ እኔ የለሁም። ወላሂ በቁሜ ቀበርከኝ!»

«እመልሰዋለሁ፤ ትንሽ ጊዜ ብቻ ይስጡኝ።»

«እስከ ወሩ መጨረሻ። ከተመለስኩ ደብዳቤህን እፈርማለሁ፣ ኢንሻአላህ። ካልተመለስኩ ግን የዌብሳይት ሠራተኛዬ ነው ብዬ አልፈርምም። እኔ ውሸት አልጽፍም።»

ገነነ ሙያውን የተማረው ከፈረንጅ ቪዲዮ ነው፤ ቪዲዮው ያለውን ሁሉ እንደ ዳዊት ደግሞታል። ሰው የሚፈልገውን ቃል ደጋግመህ ጻፍ ተባለ፤ ጻፈ። «ምርጥ የጥርስ ሐኪም በሀርጌሳ» የሚለው በክሊኒኩ ገጽ ላይ አርባ ስድስት ጊዜ ይገኛል። ከእነዚህ ውስጥ ሃያው ሰው ሳያያቸው ማሽኑ እንዲቆጥራቸው ከግርጌ በነጭ ላይ በነጭ የተጻፉ ናቸው። አድራሻውን በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሙላ ተባለ፤ ሞላ። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሀርጌሳ ውስጥ ሰው ቤት የሚያገኘው ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከፋርማሲው አጠገብ፣ ከእገሌ ሱቅ ፊት ለፊት እየተባለ እንጂ በቁጥር አይደለም። የክሊኒኩ መንገድ ጭራሽ ስም የለውም። ገነነ ግን ባዶ ትቶ ማለፉ በፈረንጅ ፊት መዋረድ መሰለው። ራሱ ቄስ፣ ራሱ ክርስትና አባት ሆነና መንገዱን «ጎዳና አራት»፣ ሕንጻውን «ቁጥር አሥራ ሁለት» ብሎ አጠመቀ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሏል ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አርባ ስድስቱን ሰማንያ አደረገው። ገጹ ወደ ስድስተኛ ወረደ። በሁለተኛው ሳምንት ርዕስ ቀየረ፣ ሥዕል ቀየረ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች በየገጻቸው ክሊኒኩን ጥቀሱልኝ ብሎ ለመነ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት።

«ማሽኑ ነው!» አላት ለሸዋርካብሽ፣ ምሳውን ሳይነካ። «ድሮ ቃል ይቆጥር ነበር። ቃል እሰጠዋለሁ፣ ቦታ ይሰጠኛል፤ ተግባብተን እንኖር ነበር። አሁን ከሰው ይማራል አሉ። ሰው ሲጽፍ ምን ማለቱ እንደሆነ ይገምታል፤ የትኛው ገጽ ላይ እንደቆየ፣ ከየትኛው ወዲያው እንደወጣ አይቶ ይመዝናል። ሕጉን ደግሞ የሚነግርሽ የለም! ሰው ቢሆን ሄጄ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። አሁን ማን እግር ላይ ልውደቅ?»

ሸዋርካብሽ የልዕልትን ዩኒፎርም ትተኩሳለች። ቀና አላለችም።

«ሰው ከገጽህ ለምንድን ነው ወዲያው የሚወጣው?» አለችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«እሱን ብታውቅ ይሻልህ ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው የአንተ ነገር።»

በጣም ተናደደ። የተናደደው በእሷ ሳይሆን በጥያቄዋ ነው። ስድስት ዓመት ሲያሞኘው የኖረ ማሽን ድንገት ፊደል ቆጥሮ ሲያፈጥበት፣ እሱ ያው የድሮው ገነነ ሆኖ ቀረ። ይህ ነገር ውስጡን ያንገበግበዋል። ምሳውን ትቶ ወጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐጃ አስሊ «ከዓይኔ እንዳትርቅ» ብለው እንግዳ መቀበያው ላይ ከፈርዶውሳ ጎን አስቀመጡት። ፈርዶውሳ ስልክ የምትመልሰው ወጣት ናት፤ ሠርጓ ስለደረሰ ወሩ ሲያልቅ ሥራ ትለቃለች። ስልኩ እንደ ድሮው ባይሆንም ይጮሃል፣ በተለይ የጥንት ታካሚዎች ለዘመድ ቁጥሩን እየሰጡ። ገነነ መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኮምፒውተሩን ይነካካ ነበር። እስከ ቀትር ግን ሳይወድ በግዱ አንድ ነገር ሰማ። የሚደውለው ሁሉ የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ጁምዓ ክፍት ናችሁ? ሴት ሐኪም አለች? የት ናችሁ? ፈርዶውሳም በሶማሊኛ ያንኑ ትመልሳለች። ጁምዓ ከሶላት በኋላ እስከ መግሪብ፣ ጀምበር እስክትጠልቅ፣ ክፍት ነን። ዶክተር ናይማ አለችልሽ። ከአሮጌው የውሃ ታንከር ፊት ለፊት፣ ሰማያዊው በር። ቀኑን ሙሉ «ምርጥ» የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ የጠየቃትም የለም።

ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት ጉንጯ አብጦ፣ ሻሿን መንጋጋዋ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ገባች።

«ጎዳና አራት የሚባል አገር የት ነው ያለው?» ብላ ጮኸች። «አንድ ሰዓት ሙሉ በባጃጅ ዞርኩ! ባጃጁ አያውቀው፣ ፖሊሱ አያውቀው፣ ባለሱቁ አያውቀው! በዚህ ታንከር ሥር ሦስት ጊዜ አልፌያለሁ። ከታንከሩ ፊት ለፊት ብሎ መጻፍ ምን ያቅታችኋል?»

ፈርዶውሳ ወንበር አቀረበችላትና ወደ ውስጥ እስክትጠራ አባበለቻት። ከዚያ ወደ ገነነ ዞረች።

«ወላል» አለችው፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «በየሳምንቱ እንዲህ የሚል አይጠፋም። አንተን ላለማስቀየም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ገነነ የሚገባበት ጠፋው። ያቺ ሴት በሕመም ላይ አንድ ሰዓት የተንከራተተችው በእሱ ጥምቀት ነው። የሸዋርካብሽም ጥያቄ መልስ አገኘ። ሰው ይገባል፤ ሰማንያ ጊዜ «ምርጥ» ይባላል፤ የፈለገውን አያገኝም፤ ይወጣል። ማሽኑ ምቀኛ አይደለም፤ ሰው ከገነነ ገጽ ሲሸሽ አይቶ፣ ያየውን ተማረ። ሰሞኑን ማሽኑን የሰደበውን ስድብ ሁሉ ለራሱ ቢያደርገው ኖሮ! ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

በዚያው ቀን ሰማንያውን «ምርጥ» ነቅሎ ጣለ። ጎዳና አራትን አፈረሰ። ፈርዶውሳን «በስልክ እንደምትመልሺው ንገሪኝ» አላትና ቃል በቃል ጻፈ፤ መጀመሪያ በሶማሊኛ፣ ቀጥሎ ለእረፍት ከውጭ አገር ለሚመጡት በእንግሊዝኛ። ገጹ አጠረ፤ ራቁቱን ቀረ። ማንም ሊጽፈው የሚችል ነገር ሆነ። ለዚህ ነው ሙያ የተማርኩት ብሎ አፈረ፤ ግን አወጣው።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ስልኩ ላይ በሶማሊኛ ጻፈ፦ ኮድቡር ውስጥ ጁምዓ የሚከፍት፣ ሴት ሐኪም ያለችበት የጥርስ ክሊኒክ። መፈለጊያው ገና ገጾችን ሳይደረድር ከሁሉ በላይ ራሱ መለሰ። የሐጃ አስሊ ክሊኒክ፣ ከሶላት በኋላ እስከ መግሪብ፣ ዶክተር ናይማ፣ ከአሮጌው የውሃ ታንከር ፊት ለፊት፣ ሰማያዊው በር። የእሱ ቃል ነው፣ አንድም ሳይጎድል! ገነነ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ሐጃ ቢሮ ገባ።

ሐጃ አስሊ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«ማሻአላህ። ተመለስኩ» አሉ። «ይህን የሚያወራው ማነው? አንተ ነህ?»

«መፈለጊያው ነው። ከገጻችን ወስዶ።»

«እሺ። ሰውስ ወደ ገጽህ ይገባል?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «ከድሮው ያነሰ ነው» አለ። «መልሱን እዚያው ላይ ስለሚያገኝ…»

«ታዲያ እሱ ራሱ ካወራ፣ ሰውም ወደ አንተ ካልገባ፣ አንተን ምን አደርግሃለሁ?»

«ሐጃ፣ የተማረው እኮ ከእኔ ነው! እኔ የጻፍኩትን ነው የሚያወራው!»

«ስምህ የታለ?»

ስሙ የለም። ገነነ ስልኩን ወደ ላይም ወደ ታችም ገፋው፤ የለም። ገጹ ሲወድቅ ጥፋተኛ፣ ገጹ ሲነሳ የማያስፈልግ ሰው ሆነ። ሊጮህ አማረው። ያን ጊዜ ታች መቀበያው ላይ ስልክ ጮኸ፤ ጮኸ፤ የሚያነሳ የለም። ፈርዶውሳ ሂና ልትቀባ ቀደም ብላ ወጥታለች። ገነነ የሚያደርገውን ሳያውቅ ወርዶ አነሳውና በሶማሊኛ መለሰ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ። አዎ፣ ሴት ሐኪም አለች። ከውሃ ታንከሩ ፊት ለፊት። ቀና ሲል ሐጃ አስሊ ደረጃው ላይ ቆመው ያዩታል።

በማግሥቱ ደብዳቤውን ሰጡት። ተፈርሟል፣ ማኅተም አርፎበታል። የሥራ መደብ በሚለው ላይ «ስልክና እንግዳ ተቀባይ» ይላል።

«እኔ ውሸት አልጽፍም» አሉት፤ ድምፃቸው ግን ለስልሶ ነበር።

ሸዋርካብሽ ደብዳቤውን ስታይ እልል ልትል ቃጣት። እሱ ግን ያንን መስመር ደጋግሞ አነበበው። ልዕልት ትምህርት ቤቷ ትቀጥላለች፤ ቤቱም አይለቀቅም፤ ይህን ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም አዘነ፤ «ዌብሳይት የሚሠራው ሐበሻ» ከዛሬ ወዲያ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ገነነ በፈርዶውሳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ የመጀመሪያው ስልክ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። የት ናችሁ አሉት። ከአሮጌው የውሃ ታንከር ፊት ለፊት፣ ሰማያዊው በር አላቸው።

«አውቃለሁ፤ ስልኬም እንደዚሁ ብሎኛል» አሉ። «እሱ ያለውን ከሰው አፍ ልስማው ብዬ ነው። ጥርስ መነቀል እፈራለሁ ልጄ።»

ለዚህ የሚሆን መልስ ገነነ የትኛውም ገጽ ላይ አልጻፈም።

«ይምጡ አባቴ፣ አይፍሩ» አለ። «በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።»

ስልኩን ዘጋ፤ መነጽሩን ሳይወለውል ወጥቶ ሰማያዊው በር ላይ ቆመ።