መጀመሪያ አንተ

የእስር ክፍሏ ውስጥ ስገባ ዓይኔ ያረፈው መደቡ ላይ ነው። ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት የሲሚንቶ መደብ። እሱ ላይ የማውቃቸው ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ጀጎል ውስጥ መጽሐፍ የሚጠርዙ፣ ስኳር ያለባቸው፣ አንድ እግራቸው በፋሻ የተጠቀለለ። በቀበሌ ስብሰባ ተነስተው፣ «ከፈላና በር በታች የወንዙ መውረጃ በፍርስራሽ ተደፍኗል፤ ዝናብ ሲመጣ ምን ልንሆን ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ በስልኬ ቀርጬ ለቀቅኩት። እሳቸው ቀድመው ታሰሩ፣ እኔ በሦስተኛው ቀን ተከተልኩ። ክሳችን አንድ ነው፤ ሕዝብ ማሸበር።

እንዳዩኝ ተነሱ።

«እንግዳ ነህ፤ ላይ ውጣ።»

«አባባ፣ እስር ቤት እኮ ነው!»

«ቢሆንስ? ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አንተ፣ ከዚያ እኔ።»

ሽማግሌ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? እንዲህ አላደግኩም። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ቀረን።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ከተራራው የወረደው ጎርፍ እሳቸው ባሉት ቦታ መውጫ አጥቶ በበሩ ሥር ገባ፤ ሽንት ቤት ሽንት ቤት ይሸታል። ቁስላቸውን ውሃ እንዳይነካው ሐኪም አስጠንቅቋቸው ነበር።

«አባባ፣ በእግዚአብሔር መደቡ ላይ ይውጡ!»

«ወላሂ፣ አንተ ሳትቀመጥ አልቀመጥም!»

ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደርሶ በእንግድነት እንከራከራለን። በጣም ተናደድኩ፤ ጮህኩባቸው። ሲብስብኝ ራሴ መደቡ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። እሳቸውም ተከትለው አጠገቤ ተቀመጡ። ፋሻው ግን ርሷል።

ፖሊሱን ጠራሁት።

«ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው። አስቸኳይ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ጎርፉ ነዋ!»

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ኃላፊው አካፋ ዘረጋልኝ፤ ሰው አንሷል፣ መውረጃው ሊጠረግ ነው። ያው በእሱ ሰበብ የታሰርንበት መውረጃ!

«እሳቸው ሐኪም ቤት ሳይሄዱ አካፋ አልይዝም» አልኩ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ መኪና አስጠራ። ሽማግሌውን አዝዬ እስከ መኪናው አደረስኳቸው። ጀርባዬ ላይ ሆነው፣ «ይቅር በለኝ፣ እንግዳዬ ሆነህ ውሃ እንኳ አላጠጣሁህም» ይሉኛል። ከዚያ ተመልሼ አካፋውን ያዝኩ።

ሁለት የእግር ጣታቸው ተቆረጠ። በኋላ ሁለታችንም ተፈታን። መውረጃውም ዘንድሮ ተመልሶ ተደፍኗል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የራሴ ነገር ነው። ያኔ ገና እንደገባሁ እሺ ብዬ መደቡ ላይ ብወጣ ኖሮ፣ ውሃው ሲመጣ እሳቸውም ከጎኔ በደረቅ ተቀምጠው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄድኩ። በከዘራ ተደግፈው ብድግ አሉና እንግዳ የሚቀመጥበትን ከፍ ያለውን መደብ አሳዩኝ።

«መጀመሪያ አንተ።»

ጫማዬን አውልቄ ወዲያው ወጣሁ።