ሰሌዳ የሌላት የአባቴ ጂፕ

አባቴ ከሞተ በኋላ መቱ ባለው ግቢያችን የቀረነው እኔና በእጁ የሠራት ጂፕ ነበርን።

አባቴ ልጅ ሳለ ከጎሬ መቱ በምትመላለስ አንዲት ባለ ሸራ ጂፕ ላይ ረዳት ነበር። ያቺ ጂፕ ከጠፋች ብዙ ዘመን ሆኗታል። እሱ ግን አልረሳትም። በስተርጅናው ከአንድ ፎቶግራፍ ላይ በማስመሪያ እየለካ፣ በርሜል እየቀደደና እየቀጠቀጠ አምሳያዋን ሠራ። ሞተሯን ሁሩሙ አጠገብ ተገልብጦ ከቀረ ፒክአፕ አወጣ። የምትቆምበትን ሻንሲ ደግሞ ከወዳደቀ ብረት በይዶ ገጣጠመው።

እሱ ሲበይድ ግቢያችን ሰው አይጠፋውም ነበር። አንዱ ሊመክር፣ አንዱ ሊስቅ፣ አንዱ ዝም ብሎ ሊያይ ይመጣል። እኔ ሻይ አቀርብና ከበሩ ኋላ ሆኜ አዳምጣለሁ። ሰው ፊት አፌ አይፈታም። ትምህርቴንም ስምንተኛ ሳልደርስ ነው ያቆምኩት። ቢሆንም የእነሱ ጨዋታ ይበቃኝ ነበር። አባቴ ሰሌዳ ሳያወጣላት ሞተ፤ ለቅሶው ሲያበቃ ሰውም ቀረ።

ግቢው የአባቴና የታናሽ ወንድሙ የጋራ ነው። ቡና ሊቀላ ሲቃረብ አጎቴ መጣና መኪናዋን ዞሮ አያት።

«ቡና የማሰጣበት ቦታ የለኝም» አለኝ። «ሰሌዳ ካወጣሽላት መኪና ናት፣ ትቁም። ካልሆነ ብረት ናት፤ ቡናው ሲለቀም ቆርጠው ይውሰዷት።»

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ብረቱ አልነበረም። እሷ ከሄደች ወደዚህ ግቢ ሰው የሚመጣበት ምክንያት ምን ይቀራል?

ትራንስፖርት ቢሮ ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ያለውን እያሳለፍኩ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየሁ። በመጨረሻ ሰው ሲያልቅ ጸሐፊው ራሱ ጠራኝ። በኦሮምኛ የሻንሲ ቁጥር ጠየቀኝ።

«የላትም» አልኩት።

«ሁሉም መኪና አለው።»

«ይቺ ቤት ነው የተሠራችው።»

«የምን ቤት?»

«ቤታችን።»

ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዕቃዎቿ ከየት እንደተገዙ የሚያሳይ ደረሰኝ እንዳመጣ፣ ከዚያ ባለሙያ ቤት ድረስ መጥቶ እንደሚያያት ነገረኝ።

አባቴ ደረሰኝ የሚባል ነገር ተቀብሎ አያውቅም። ጨንቆኝ የአባቴ ጓደኛ የነበሩ ጡረተኛ ሾፌር ቤት ሄድኩ። ጋሼ ሰምተውኝ ተቆጡ።

«ደረሰኝ? በሬ ስንገዛ ደረሰኝ እንቀበላለን? እኛ ያለን ሰው ነው። በድንበር ስንጣላ ማን ነው የሚመሰክረው? ሽማግሌ ነው። መኪናም ያው ነው!»

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ግቢያችን ተሰበሰቡ። ጋሼ አንዱ ናቸው። ሁለተኛው ሞተሩን የሸጡት የሁሩሙ ንብ አርቢ፣ ሦስተኛው ከወሎ መጥተው እዚህ ያረጁት የበርሜል ነጋዴ ናቸው። ቢሮው ቅርብ ነው፣ በእግር ይኬዳል። ጋሼ ግን የመኪናዋን ቁልፍ ጠየቁኝ።

«ባለሙያው ሊያያት አይደል? ምን አለፋው? ይዘንለት እንሂድ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሦስት ሽማግሌ ፊት እንዴት ብዬ? ቁልፉን ሰጠሁ። እነሱም ፊት ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ በሚለው ተጣሉ።

«ሞተሩ የእኔ ነው» አሉ ንብ አርቢው። «ከሞተሩ አጠገብ እቀመጣለሁ።»

«በሩን በምን ልትከፍት ነው? በሩ እኮ የእኔ የዘይት በርሜል ነው!» አሉ የወሎው ሰውዬ።

ንብ አርቢው አሸነፉ። እኔና የወሎው ሰውዬ ከኋላ ተቀመጥን። ከበር ስንወጣ ጎረቤት እልል አለ። አንገቴን ደፋሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

አደባባዩ ጋ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

«አባባ፣ ሰሌዳው የታለ?»

«ልናወጣላት እየሄድን ነው» አሉ ጋሼ።

«ሰሌዳ በሌላት መኪና ሰው ጭነው?»

«ሰው አይደለንም፤ ምስክር ነን» አሉ የወሎው ሰውዬ ከኋላ።

ትራፊኩ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። መኪናዋን ግን አልለቀቀም፤ ፖሊስ ግቢ አስገባት። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ፣ ልጄ» አሉ። እኔ የታየኝ አጎቴ ነበር። ሰሌዳ ላወጣ ወጥቼ ጭራሽ አሳስሬያት ልገባ ነው።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ቢሮው ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ሰልፉን አልፌ ቀጥታ ጸሐፊው ፊት ቆምኩ። ሰው አጉረመረመ።

«መኪናዋ ታስራለች» አልኩ። «ምስክሮቿም አብረዋት ናቸው። እባክህ ባለሙያውን እዚያው አምጣልኝ። ቡናው ሊቀላ ነው።»

ቡናው ምን እንዳገናኘው አልገባውም። ነገር ግን ተነሣ። ባለሙያው የእጅ ባትሪውን ይዞ ከእኔ ጋር መጣና ፖሊስ ግቢ ውስጥ ጂፗ ሥር ገባ። ሽማግሌዎቹ ከላይ ሆነው ይመሰክሩለታል። ይህ ከእኔ ነው፣ ይህን በዝናብ ሲበይድ አይቻለሁ፣ ይህንን በርሜል ሲወስድ እንዲያውም ክዳኑን መርቄለታለሁ ይላሉ። ሲወጣ ልብሱ ጭቃ ሆኗል።

«ብየዳው ጥሩ ነው» አለ። «የእጅ ፍሬኑ ይሠራ። ቃላችሁን ጽፌ ትፈርማላችሁ፣ እኔም ለበላይ አቀርበዋለሁ። ከፈቀዱ ቁጥር ይመታላታል።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት አባቴ ከሞተ ወዲህ ያየኋቸው ደጎች ናቸው። ፖሊሶቹ ተጎትታ ወደ ቤት እንድትመለስ ፈቀዱ። ጋሼ የእጅ ፍሬኑን ሊሠሩ በየጊዜው ይመጣሉ። ንብ አርቢው ሁሩሙ ገበያ በማይኖርበት ቀን ብቅ ይላሉ። የወሎው ሰውዬ ደግሞ ገና ከበር ሳይገቡ «የት ደረሰ?» ብለው ይጮኻሉ። ቢሮው ዛሬ ያለውን እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም ይከራከሩበታል። ከበሩ ኋላ ሳይሆን አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር የምናገረው።

ፈቃዱ ቡናው ሳይለቀም መጣ። ባለሙያው ሻንሲዋ ላይ ቁጥሩን በመዶሻ መታ። ሊብሬው ላይ የፋብሪካ ስም በሚጻፍበት ቦታ «በአገር ውስጥ የተገጣጠመ» ተባለ። ባለቤት በሚለው የእኔ ስም፣ ቀጥሎ የአባቴ ስም ተጻፈ። ሰሌዳውን ጋሼ አሰሩት። ሦስቱም መረቁኝ፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

አጎቴ መጥቶ ሰሌዳውን በጣቱ ነካው። «እሺ፣ መኪና ናት» አለ። ቃሉን ጠበቀ። ቡናውን ያሰጣው እሷን ሳይነካ በዙሪያዋ ነው፤ በአራቱም ጎኗ፣ እስከ በሩ ድረስ። እኔም ወደ ጓዳ ለመሄድ በግድግዳው ጥግ ጥጉን ነው የማልፈው።

ሽማግሌዎቹ አልመጡም። የሚጠየቅ ነገር አልቆ የለ? አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ጋሼ በሩ ላይ ታዩኝ። ሮጬ ወጣሁ። አንድ እግራቸውን አንሥተው መሬቱን አዩ፤ ቡናውን እንዳይረግጡ መልሰው አወረዱት።

«ደህና ነሽ፣ ልጄ?»

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ። ይግቡ እንጂ፤ ሻይ ላፍላልዎት።»

«ኧረ የሰው ቡና አልረግጥም። ደርቆ ሲነሣ እመጣለሁ።»

በአጥሩ በኩል እስኪሰወሩ ጠበቅኋቸው። ከዚያ መንሹን አንሥቼ ቡናውን ማገላበጥ ጀመርኩ። አንድ ፍሬ በጣቴ ጨመቅሁ፤ ገና እርጥብ ነበር። ሰማዩም ከያዮ በኩል ጠቁሯል።