ወንድሜ የሚመራው ጨዋታ

ታላቅ ወንድሜ ታሪክ ማውራት ያውቅበታል፤ ይህን አልክድም። ደብረ ማርቆስ ያስተምራል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባልደረቦቹን ቤቱ ሰብስቦ ያጫውታል። ታሪኩን የሚተርከው እሱ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ሆኖ ይገባና ማድረግ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ይሳካ አይሳካ ዳይስ ተጥሎ ይታያል፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ተሳካ ማለት ነው። ዳይሱ ያለውን ተራኪውም ቢሆን መሻር አይችልም። ይህን ደንብ ያስተማረኝ ራሱ ነው።

እናታችን ሉማሜ ባለው ቤታችን ካረፈች በኋላ ነው "ነይ፣ ብቻሽን አትቆዝሚ" ብሎ የጠራኝ። እስክታርፍ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። እሱ ይደውላል እንጂ ብቅ አይልም ነበር፤ አውቶቡስ እንደሆነ በደጃችን ነው የሚያልፈው። ቂሜን ውጬ ሄድኩ። መድኃኒት አዋቂ ሴት ሆኜ መጫወት ጀመርኩ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ታሪኩ ኮረብታ ላይ ካለች ጎጆ አደረሰን።

"እዚህ አንዲት አሮጊት ታማ ተኝታለች" አለ ወንድሜ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሴት ልጇ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ወንድ ልጇ ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር ይህች ልጅ ከበር ትመልሰዋለች።"

ሁሉም ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። ለካ እኔ ከበር እንደመለስኩት አስመስሎ ቀድሞ ነግሯቸው ኖሯል! ፊቴ ነደደ። ልነሳ አልኩና ተውኩት።

"ልጅቷን አነጋግራታለሁ" አልኩ። "አንቺ፣ ወንድምሽን ለምንድን ነው የምትመልሺው?"

ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ "ቤቱን ብቻዬን ልወርስ ብዬ" አለ።

"እውነት የሚያናግረውን መድኃኒቴን አጠጣታለሁ።"

ዳይሱን ጣልኩ። ትልቁ ቁጥር ወጣ። አጠገቤ የነበረችው የሂሳብ አስተማሪ አጨበጨበች።

"አልሠራም" አለ ወንድሜ። "ልጅቷ ተፋችው።"

"እንዴ! ዳይሱ እኮ ሠርቷል ነው የሚለው" አለች አስተማሪዋ።

"ታሪኩ የኔ ነው!"

"እሺ ጋሼ፣ ታሪኩን ተወውና ንገራቸው" አልኩት። "እማዬን ልትጠይቅ ስንት ጊዜ መጣህ?"

ዳይሱን ከጠረጴዛው ላይ በእጁ ጠረገና "ጨዋታና ቁም ነገር የማይለይ ሰው ቤቴ አይምጣ" አለ።

"የእናትህን ሞት ጨዋታ ያደረግከው አንተ ነህ" ብዬው ወጣሁ።

በኋላ አስተማሪዋ ደውላ ነገረችኝ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ በታሪኩ ውስጥ ያለችውን ልጅ በመብረቅ ገደላት። መልስ ሲያጣ መብረቅ የሚጠራ፣ ይሄም ተራኪ ተብሎ! አስተማሪዋም ከዚያ ወዲያ ከጨዋታው ቀረች።

ለእማዬ ሙት ዓመት ወንድሜ ሉማሜ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ለቀሳውስቱ ጠላ እየቀዳ "እናቴን፣ እናቴን" እያለ ሲያለቅስ ሰው ሁሉ ከቦ አጽናናው። አለቃቀሱንም አሳምሮታል። እኔ ወጥ እያወጣሁ ነበር። ሳህኑን ሲዘረጋልኝ ሞላሁለት፤ ቀና ብዬ ግን አላየሁትም።