የላንድሮቨሯ ሞተር እስኪገጠም

የመጣሁት አባቴን ልወስደው ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንጅባራ ያለው ቤታችን ውስጥ ብቻውን ይኖራል። በበጋው ጓሮ ወድቆ፣ ጎረቤታችን እስኪያገኘው ድረስ እዚያው ተኝቶ አደረ። ከእንግዲህ ባሕር ዳር ከእኛ ጋር ይኖራል ብዬ ባሌን አሳምኜ፣ ክፍል አዘጋጅቼ፣ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ መጣሁ። አባቴ እምቢ አላለም። «ላንድሮቨሯን ፈትቻታለሁ። ሞተሯን ገጥሜ ላስነሳትና ራሴ ነድቼ እወስድሻለሁ» አለኝ።

ላንድሮቨሯ አባቴ ዳንግላ በሹፌርነት የኖረበት መሥሪያ ቤት መኪና ነበረች። እሱ ጡረታ ሲወጣ እሷም አርጅታ ለጨረታ ቀረበች፤ ገዛት። አሁን ጓሮ፣ ቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ኮፈኗን ከፍታ ሆዷ ባዶ ሆኖ ቆማለች። ፒስተኖቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ ብሎኖቹ ቦታቸው እንዳይምታታ በፓስታ ካርቶን ላይ በተራቸው ተሰክተዋል። ዓይኑ ስለደከመ የእጅ ባትሪ የማበራለት እኔ ነበርኩ።

ክረምት ነበር። የእንጅባራ ዝናብ አንዴ ከያዘ ይለቃል ተብሎ አይጠበቅም። ሲሊንደሮቹን ዝገት እንዳይበላቸው አባቴ በምድጃ ከአዲስ ቅዳም ገበያ የመጣ ከሰል ያያይዛል፣ ዘይት ይቀባቸዋል፣ ማታ ደግሞ አሮጌ ጋቢውን ይደርብላቸዋል። ጋቢ የሚለብስ ሞተር አይቼ አላውቅም። እኔን በረደሽ ወይ ያለኝ ግን የለም።

ቴስታታ የሚለው የሞተሩ ክዳን ሊጠገን ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት እንደተላከ መንገድ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ኔትወርክ ጠፋ። ኔትወርኩ ሲመለስ ባሌ መቼ ነው የምትመጪው ይለኛል፣ አለቃዬ ፈቃድሽ አልቋል ትለኛለች። በጭቃው እስከ አስፋልቱ እወርድና በዳንግላ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈውን ሚኒባስ እያየሁ እቆማለሁ። ብቻዬን ልሳፈር እችል ነበር፤ ጓሮ ወድቆ ያደረበት ነገር ትዝ ሲለኝ ግን እግሬ አይነሳም። ግቢው ደረቴ ላይ የተቀመጠ ያህል አፈነኝ። አንድ ቀን መኪናዋን ለፈለገ ሰው ስጣትና በአውቶቡስ እንሂድ አልኩት። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና ያቺን ብሎን አቀብይኝ አለ። ያን ቀን አባቴን ጠላሁት።

ቴስታታው በመጨረሻ በጭነት መኪና መጣ፤ ገጠምነው። ብሎኖቹ የሚጠብቁት ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳር ነው፤ ይህን አሁን እኔም አውቃለሁ። አባቴ የወደቀ ጊዜ ያገኘው ጎረቤታችን ሊያይ መጣ። ሁለቱ በአገውኛ ሲቀላለዱ ቆዩና አባቴ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ተነሳ። ድምፁ ልስልስ ያለ ነበር፤ ሳላስበው አጨበጨብኩ።

ጎረቤታችን ጥቂት አዳመጠ።

«እንግዲህ መሄድህ ነው» አለው።

አባቴ ሞተሩን አጠፋ። እራቱን ሳይጨርስ ተነስቶ ተኛ፤ ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት። ልብሱን አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። የዚያን ሁሉ ዓመት ልብስ አንድ ሻንጣ በቃው። ለባሌ ደውዬ ነገ እንመጣለን አልኩት።

ጠዋት የብረት ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ስወጣ አባቴ ቱታውን ለብሶ፣ ቴስታታውን አውርዶ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ካርቶኑ ላይ መልሶ ሰክቷቸዋል። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ቫልቯ ትንኳኳለች» አለኝ። «ትናንት አልሰማሽም?»

ምንም የተንኳኳ ነገር አልነበረም። ልጮህበት ጠጋ አልኩ። ያኔ እጁን አየሁት። አንዱን ብሎን ከካርቶኑ እየነቀለ መልሶ እዚያው ይሰካው ነበር። ፈርቷል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሰው ሲወስድ ኖሮ፣ አሁን መወሰድን ፈርቷል። አልሄድም ማለት ደግሞ አልሆነለትም።

«ሰምቻለሁ አባዬ» አልኩት።

የእጅ ባትሪውን አንስቼ አበራሁለት። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይጠራ ጀመር። ባሌ ነበር፤ የት ደረሳችሁ ሊለኝ።