በጃንጥላ የተመረጠው ወንድሜ

እናታችን ያረፈችው በነሐሴ ነው። እኔና ወንድሜ መታመሟን ሰምተን ከደብረ ማርቆስ ብንገሰግስም፣ ከሉማሜ ወዲያ ሠፈራችንን ከመኪናው መንገድ የሚለየው ወንዝ ሞልቶ አላሳልፍ አለን። ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቆመን ስንጠብቅ፣ ከማዶ አንድ ሰው እጁን አፉ ላይ ደግኖ «አርፈዋል! እግዜር ያጥናችሁ!» ብሎ ጮኸ። ቀብሯንም ከወዲህ ሆነን አየን። የለቀስተኛው ድምፅ እየመጣ በውሃው ጩኸት ይዋጥ ነበር።

ወንድሜ ያን ጊዜ አስተማሪ ነበር። ታናሼ ነው፤ እኔም ባሌ ከሞተ ወዲህ እሱ ቤት ተጠግቼ ልብስ እሰፋ ነበር። ከእናታችን ተዝካር በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲገባ፣

«እታለም፣ ለፓርላማ ልወዳደር ነው» አለኝ።

«ማን ይመርጥሃል?» አልኩት። ቀልዴን አልነበረም። ከኛ ወረዳ የሚወዳደሩት ፊታውራሪ ነበሩ። ግማሹ አገር ዘመዳቸው ነው፤ የቀረው ይፈራቸዋል።

«ድልድይ የሚፈልግ ይመርጠኛል» አለ።

ማንበብ የማይችለው ሕዝብ እንዲለይ ለየተወዳዳሪው ምልክት ይሰጥ ነበር። ለፊታውራሪ በሬ፣ ለወንድሜ ጃንጥላ ደረሰ። ወንድሜ ቤት ውስጥ እየተንቆራጠጠ «ገበሬ በሬ እያለለት ጃንጥላ ምን ይሠራለታል?» አለ። ያኔውኑ የተወው መስሎኝ ነበር።

ፊታውራሪ ሰንጋ እያረዱ ሕዝቡን ያበላሉ። እኛ የምናበላው ስለሌለን በእግራችን ዞርን። ሴቶች መምረጥ ስለሚችሉ እነሱ የኔ ድርሻ ሆኑ። ሉማሜ ገበያ ቅቤና ጌሾ ከሚሸጡት መሀል ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቼ እቀመጥና ስለ ድልድዩ አወራለሁ። ክር የምገዛቸው ሙስሊም ነጋዴ ደግሞ ሱቃቸው በር ላይ ጃንጥላ ሰቀሉልን።

«ፊታውራሪ ቢቀየሙዎትስ?» አልኳቸው።

«ይቀየሙኛ! አምና የጫንኩትን ጨው ከነአህያው የወሰደው ወንዝ መቼ ፊታውራሪን ፈራ?»

አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ልጃቸው ከገበያ ሲመለስ ያ ወንዝ ወስዶታል። ሬሳው ስላልተገኘ መቃብር የለውም። እኒህ ሴት ሌላውን ሁሉ ትተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ይሠራል ወይ ልጄ?»

«ወንድሜ ይናገርልዎታል እማማ» አልኩ። እውነት ነው፤ ይናገራል ብዬ አምኜ ነበር።

የምርጫው ቀን ሰዉ በየመንገዱ ፈሰሰ። ባልቴቷ በሰው በቅሎ መጥተው መረጡ። እኔም መርጦ የወጣ አንድ ገበሬ ማንን እንደመረጠ ብጠይቀው ተገርሞ አየኝና፣

«ጃንጥላውን ነዋ! የታቦቱን ጥላ ትቼ በሬ ልምረጥ?» ብሎ አማተበ።

ሌላውንም ጠየቅሁ፤ ያው ነው። ብዙው ሰው ጃንጥላውን ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋው ጥላ አድርጎ ቆጥሮታል። አሸነፍን። ይህን ለወንድሜ ስነግረው መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን አቆመና፣

«እኔን አይደለማ የመረጡት» አለ።

«ምን ቸገረህ፤ ድልድዩን አሠራና ያውቁሃል» አልኩት።

ደጃችን በእልልታና በተኩስ ተናወጠ። ፊታውራሪ ሳይቀሩ በቅሏቸውን ጭነው እንኳን ደስ ያለህ ሊሉ መጡ። ሲወጡ ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረጉ «አንተ እዚያ ትሆናለህ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አሉት። እኔ መልካም ምኞት መስሎኝ ነበር።

አዲስ አበባ ሄደ። ለክረምት ዕረፍት ሲመለስ ከስቷል።

«ተናገርክ?» አልኩት።

«ተናገርኩ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ አዳመጡኝ፣ አመሰገኑኝ። ከዚያ ከአጠገቤ የነበረው ተነሣና ስለ ሌላ ነገር ተናገረ።»

ወደ መንገድ መሥሪያ ቤቱም ሄዶ ደጅ ጠንቷል። ሹሙ ወንበር ስቦለት «ክቡርነትዎ፣ በዚህ አገር ስንት ወንዝ ያለ ይመስልዎታል?» ብሎ ጠየቀው አሉ። ቢሆንም በሁለተኛው ዓመት መሐንዲስ ተላከ። ሰውየው ወንዙን ለክቶ በወዲህም በወዲያም ካስማ ተከለ። ሠፈሩ በግ አርዶ አበላው፤ ሴቶቹ ካስማውን እየዞሩ ጨፈሩ። ክረምት ሲገባ ውሃው ካስማውን ነቅሎ ወሰደ። መሐንዲሱም ዳግም አልመጣ። የወረዳውን የመንገድ ሥራ የሚያዩት በፊታውራሪ ሰብሳቢነት የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እነሱም የመኪናውን መንገድ ወደ ፊታውራሪ ርስት በኩል አስቀደሙ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሳይጥል፣ ባልቴቷ ከሠፈር ተነሥተው ደብረ ማርቆስ ድረስ መጡ። ወንድሜ ተነሥቶ አስቀመጣቸው።

«ነገርካቸው ልጄ?»

«ነገርኳቸው እማማ።»

«ምን አሉህ?»

«ይጠናል አሉ።»

«ምኑ ነው የሚጠናው? ውሃ መሆኑን አያውቁም?»

ምሳ አቀረብኩላቸው፤ በሉ፣ መረቁን። ሲወጡ ወንድሜን ዕዳ እንዳለበት ሰው ሳይሆን እንደ ታመመ ሰው አዩት። ያ ከስድብ የከፋ ነበር።

የፓርላማ ዘመኑ ሲያልቅ የሠፈሩ ሽማግሌዎች ድጋሚ እንዲወዳደር ሊለምኑት መጡ።

«አልችልም አባቶቼ» አላቸው። «የምችለው መናገር ብቻ ነው። እሱንም ጨረስኩ።»

«እንግዲያ ማንን እንምረጥ?»

«እኔ እንጃ።»

አኮረፉት። ፊታውራሪ ብዙም ሳይደክሙ ተመረጡ። ወንድሜ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ፤ ባልደረቦቹ ለጨዋታ «ክቡርነትዎ» ሲሉት ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም። ለፓርላማ ብዬ የሰፋሁለትን ጥሩውን ኮት ለዘወትር ለበሰው። እጅጌው በጠመኔ ሲነጣ እኔ አራግፍለት ነበር፤ ኋላ ኋላ እኔም ተውኩት።