መቶ ፍሬ ማሽላ

እናቴ ረሂማ ግትር ናት። ስወዳት ነው የምለው፤ ከመርሳ ከተማ ወጣ ብላ ያለችው ሰፈራችን በሙሉ ያውቃል። ታላቅ ወንድሜ ኢሳቅ በባሕር ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ከወጣ አራት ዓመቱ። ጀልባዋ ሰጠመች የሚል ወሬ ሲመጣ ጎረቤቱ ለለቅሶ ተሰበሰበ። እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ፣ «ልጄ አልሞተም፣ ወደየቤታችሁ!» ብላ መለሰቻቸው። ወይ ጉድ! ሽማግሌ ሳይቀር ነው ያባረረችው።

በእኛ ቤት፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ፣ የመጀመሪያውን እፍኝ ዘር የሚበትነው ኢሳቅ ነበር። እሱ መርጦ ያስቀመጠውን ማሽላ እናቴ በቅል ከድና፣ «ሲመጣ ይዘራዋል» አለች። ሌላውን መሬት ምርቱን እኩል ለሚካፈል አራሽ ሰጥታ፣ ከቤታችን ፊት ያለችውን ቁራጭ ጦሟን አሳደረቻት።

ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ቀን ሠራተኛ ሳለች እንደተማረችው፣ በየሚያዝያው መቶ ፍሬ ቆጥራ በእርጥብ ጨርቅ ትጠቀልላለች። ከሳምንት በኋላ የበቀለውን አብረን እንቆጥራለን። መጀመሪያ ዘጠና ስድስት ነበር። በዓመቱ አርባ ዘጠኝ፣ ቀጥሎ ሃያ አራት። ያኔ እንቅልፍ አጣች።

እኔ አስረኛ ክፍል ነበርኩ። የሂሳብ መምህራችን ፈንታው፣ «መቶ ሚሊግራም መድኃኒት በየስድስት ሰዓቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ከአንድ ቀን በኋላ ስንት ይቀራል?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም፣ «ግማሹ ሁለቴ ከሄደማ አለቀ!» አልን።

«እናንተ ልጆች! የሚቀነሰው በየጊዜው ከቀረው ላይ ግማሹ ነው። ስድስት ከሩብ ይቀራል። እንዲህ እያለ ዜሮ አይገባም» አሉን።

እኔ ጅሏ ሮጬ፣ «እማ፣ ዘሩ በሂሳብ አያልቅም!» አልኳት።

«አልሀምዱሊላህ! እንግዲያ ይጠብቀዋል» አለች። ያን ቀን ምነው አፌን በቆረጠው!

አምና አስራ ሁለት በቀለ። ዘንድሮ ጨርቁን ስንፈታ ስድስት።

«ለከርሞስ?» አለችኝ።

«ሦስት።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ተኩል።»

አንዷን ቡቃያ በጣቷ ነካ አደረገቻት። «ሀጂራ፣ ግማሽ ፍሬ ይበቅላል?»

መዋሸት አቃተኝ። «አይበቅልም፣ እማ።»

በማግስቱ በሬ ለምና ያቺን መሬት አሳረሰች። ቅሉን ታቅፋ ወጣችና የመጀመሪያውን እፍኝ ራሷ በተነች። በመንገድ የሚያልፉት ቆመው አዩዋት።

ቀትር ላይ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ጎረቤቶች በራችን ላይ ተሰበሰቡ። እናቴ ወጥታ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ግቡ» አለች።