ጫማዬን በእጄ ይዤ

ታናሽ እህቴ ቆጵሮስ ሰው ቤት ትሠራለች። ባለፈው ዓመት ትምህርት ሲዘጋ ትንሿን ልጄን ይዤ ከምንኖርበት ከአሜሪካ፣ ከኮሎምበስ ልጠይቃት ሄድኩ። እሷም ቤት የሌላቸው ድመቶች የሚኖሩበት ቤተ ክርስቲያን ወሰደችን። እንደ ለመድኩት በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ።

«እታለም፣ እዚህ እኮ ማንም አያወልቅም! ድመቶቹ ይሸኑበታል» ብላ ሳቀችብኝ። መልሶ ማጥለቁ ድፍረት መሰለኝና ጫማዬን በእጄ ይዤ ገባሁ።

ውስጠኛው ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ወንድ ድመት የአንዲት ግልገል ድመት አንገት ነክሶ ያራግፋታል። እናቲቱ ዘላ ፊቱን ቧጠጠችው፤ ደምና ፀጉር ተበተነ። ልጄ ግልገሏን ላድን ብላ እጇን ስትዘረጋ ድመቱ ተወረወረባት። ዓይኗን ያጠፋታል ብዬ በጫማዬ ተረከዝ ጭንቅላቱን መታሁት። ከወደቀም በኋላ መታሁት።

«ማሚ፣ ስቶፕ! ሞቷል እኮ!» ብላ ጮኸች።

ፊቷንና እጇን አገላብጬ አየሁ፤ ጭረት እንኳ የለባትም። ዛሬም ቢሆን እመታዋለሁ።

አሁን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ልጄ እጄን ትለቅና ጫማውን መሬት እስካስቀምጥ ራቅ ብላ ትጠብቃለች።